ሽማግሌው የት ይረፍ? ስለ መሐል ከተማችን ከነዋሪዎች የሰማነው

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች ወዲህ የመሐል ከተማዋ ኑሮ በቤተ ክርስቲያንና በገበያ ዙሪያ ሲሽከረከር ኖሯል። በአራዳ ሁለቱ ጎን ለጎን ነበሩ። ለዐድዋ ድል መታሰቢያ የታነጸው፥ ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፥ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የደፉበት የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ፥ ከአጠገቡ ታላቁ የአራዳ ገበያ ይውል ነበር። ሰው ቅዳሴ አስቀድሶ ሲወጣ ጨውና በርበሬውን ሸምቶ፥ ወሬውን ሰምቶ፥ ዕዳውን ከፍሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ጠላት በ1928 ዓ.ም. ከተማዪቱን ከያዘ በኋላ ገበያውን አንሥቶ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ አዛወረው፤ ሰፈሩንም ፒያሳ ብሎ ጠራው። ስሙ በጣልያንኛ አደባባይ ማለት ነው። ጠላት ሄደ፥ ስሙ ግን ቀረ። ስለዚህ ዛሬ ስለ ፒያሳ የሚነጋገር ሰው፥ ቢያውቀውም ባያውቀውም፥ የሚነጋገረው ስለ አደባባይ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የካቲት ወር የዐድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም በዚሁ ሰፈር ተመረቀ። በዚያው ዓመት የኮሪደር ልማት የተባለው ሥራ ተጀምሮ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ባለው ስፍራ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ፤ መንገዱ ሰፋ፥ የእግረኛው መሄጃ በንጣፍ ተሠራ፥ መብራትም ተተከለ። በጭቃና በክፍት ቦይ መካከል እየዘለለ ያደገ ሰው ይህን አይቶ ደስ ባይለው ይገርመናል። አንዲት እናት ከዐሥር ዓመት በፊት በዚያ መንገድ በክረምት ነጠላ ለብሶ ማለፍ ነጠላውን ለጭቃ መገበር እንደ ነበር፥ ዛሬ ግን ነጭ ለብሰው ሄደው ነጭ እንደ ለበሱ እንደሚመለሱ አጫውተውናል። ምስጋና ለሚገባው ምስጋና መስጠት ተገቢ ነው።

ይሁን እንጂ መንገድ ከተሠራ በኋላ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ በዚህ መንገድና በዚህ አደባባይ ሰው እንዴት ይኑርበት? ለዚህ መልስ የሚሰጠው መሐንዲሱ ብቻ ሊሆን አይችልም። መሐንዲሱ መንገዱን ሠርቶ ወደ ሌላ መንገድ ይሄዳል፤ በዚያ በየዕለቱ የሚመላለሰው ነዋሪው ነው። ስለዚህ ባለፉት ወራት ከሰንበቴ ማኅበር፥ ከዕድር ስብሰባና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች መካከል በተቀመጥን ጊዜ ሁሉ አንድ ነገር እንጠይቅ ነበር፤ መሐል ከተማችን ለእርስዎ ምን ይጎድለዋል? ጠበል ጠዲቅ ከተቀመሰ በኋላ የተጠየቀ ሰው መልስ አያጣም። ከሰማነው መካከል የሚበልጠውን ለአንባብያን እናቀርባለን፤ እኛም የመሰለንን በየቦታው እንጨምርበታለን።

ከሁሉ አስቀድሞ የተነሣውና ደጋግመን የሰማነው የመቀመጫ ነገር ነው። የቸርችልን ጎዳና የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። መንገዱ ከለገሃር ተነሥቶ እስከ ማዘጋጃ ቤቱ ድረስ ዳገት ነው። ለጎልማሳ ምንም አይደለም፤ ሰባ ዓመት ለሞላቸው፥ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው፥ በከተማዪቱ ከፍታ የተነሣ ትንፋሽ ለሚያጥራቸው ሰው ግን ያለ ዕረፍት የማይወጣ ነው። እኒህ ሰው ሲደክማቸው የት ይረፉ? አጥር ተደግፈው ይቆማሉ፤ ወይም ወደ ቡና ቤት ገብተው ያልጠማቸውን ሻይ ያዛሉ። አንድ አዛውንት በዚህ ረገድ የተናገሩት አሳብ እንዲህ የሚል ነበር፤ በወጣትነታቸው ከተማው ድኻ ስለ ነበር መቀመጫ አይጠብቁም፥ ከሱቅ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ይቀመጡ ነበር፤ አሁን ከተማው ሲያምር ድንጋዩ ተነሣ፥ በምትኩም የተተካው መቀመጫ በሚያስፈልጋቸው ቦታ ላይ የለም።

በእርግጥ በታደሱት መንገዶች ላይ በየስፍራው የተሠሩ መቀመጫዎች አሉ፤ እነዚያን አይተናል፥ ተቀምጠንባቸዋልም። የነዋሪዎቹ አሳብ ግን መቀመጫ ለጌጥ ሳይሆን በድካም ልክ ይሠራ የሚል ነው፤ በዳገቱ እኩሌታ፥ ከአውቶቡስ መጠበቂያው አጠገብ፥ ከሆስፒታልና ከቤተ ክርስቲያን በር ትይዩ። መቀመጫውም መደገፊያና የእጅ መያዣ ያለው ይሁን ብለዋል፤ መያዣ የሌለው አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ ለመነሣት ሁለት ሰው ይፈልጋልና። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ከዚህ የሚበልጥ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ መልካም ሥራ መኖሩን እንጠራጠራለን።

ነቢዩ ዘካርያስ በስምንተኛው ምዕራፍ ስለ ኢየሩሳሌም መታደስ ሲናገር፥ የከተማዪቱን ሰላም የሚያሳየው በግንብ ከፍታ አይደለም። ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በአደባባይዋ መቀመጣቸውን፥ ወንዶችና ሴቶች ልጆችም በዚያው መጫወታቸውን ነው ምልክት አድርጎ የሚያቀርበው። ይህን ቃል ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ስናስረዳ ከመካከላቸው አንዱ፥ ታዲያ ሽማግሌዎቹ ለመግባት ይከፍሉ ነበርን? ሲል ጠየቀን። ሁሉም ሳቁ፤ ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም። በ2012 ዓ.ም. የተከፈተውን አንድነት ፓርክንና ከዚያ በኋላ የተሠሩትን ሌሎች መናፈሻዎች ብዙ ቤተሰብ ወዶ ጎብኝቷቸዋል። መግቢያ የሚከፈልበት መናፈሻ ግን የጉብኝት ቦታ እንጂ የዘወትር ማረፊያ ሊሆን አይችልም። አምስት ልጆች ያሉት የቀን ሠራተኛ በዓመት አንድ ጊዜ፥ ምናልባት ለጥምቀት ወይም ለፋሲካ ማግሥት፥ ልጆቹን ይዞ ይገባ ይሆናል። በተረፈው ቀን ልጆቹ የት ይዋሉ? ስለዚህ ነዋሪዎቹ ከሚከፈልበት መናፈሻ ውጭ በየሰፈሩ አጥርና ትኬት የሌለው ትንሽ ሜዳ እንዲተው ይለምናሉ። ትልቅ መሆኑን አይሹም፤ ከመስኮት ሆነው ልጃቸውን ሊያዩት የሚችሉበት ርቀት ላይ መሆኑን ይሻሉ።

ቀጥሎ የጥላ ነገር ነው። በታደሱት መንገዶች ዳር በብዙ ቦታ ዘንባባ ተተክሏል። ዘንባባ ለሆሳዕና ክብር ያለው ተክል ነው፤ በራሳችን አስረን የምንውለውን ማን ይንቀዋል! ነገር ግን በሚያዝያ ቀትር ከሥሩ የሚቆም ሰው ጥላው የአንድ ሰው ትከሻ እንኳ እንደማይሸፍን ያውቃል። ዐፄ ምኒልክ የማገዶ እጥረትን ለማቃለል ያስገቡት ባሕር ዛፍ ከተማዪቱን አድኗታል፤ እርሱም ቢሆን ለማረፊያ ጥላ የሚመረጥ አይደለም፥ ውኃ የሚወድ ነውና። ለጥላ የምናውቃቸው ዛፎች በአድባራቱ ቅጽር ውስጥ ቆመዋል፤ ወይራው፥ ጽዱ፥ ዝግባው፥ ኮሶው። እነዚህ በደጋው አየር ተፈትነው የኖሩ ናቸው። አንድ የአትክልት ሥራ የሚያውቅ ሰው በማኅበር ላይ እንደ ገለጠልን፥ የአገሩ ዛፍ ሲያድግ ዘገምተኛ ስለ ሆነ፥ ሥራው ለምረቃ ቀን እንዲያምር የሚፈልግ ሰው አይመርጠውም። ዛሬ ወይራ የሚተክል ሰው በጥላው የሚቀመጠው የልጅ ልጁ ነው። እኛ ደግሞ የምንለው፥ አድባራቱ ችግኝ አፍልተው ለየወረዳው ቢሰጡ ነገሩ ይፋጠናል፤ ዘሩ በእጃቸው ነው፥ ቦታውም አላቸው።

የመጸዳጃና የመጠጥ ውኃን ነገር ባጭሩ እናልፈዋለን፤ ሁሉ የሚያውቀው ነውና። ብቻ ሴቶች ያነሡትን አንድ ቃል መተው አልቻልንም። ከጧት ጀምሮ ከተማ የወጣች ነፍሰ ጡር እስከ ማታ ውኃ ሳትጠጣ የምትውለው ውኃ አጥታ አይደለም፤ ከጠጣች በኋላ የምትገባበት ንጹሕ ቤት ስለምታጣ ነው። በደመራና በጥምቀት ቀን እጅግ ብዙ ሕዝብ ሲሰበሰብ ደግሞ ችግሩ ምን ያህል እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። በመንገድ ዳር ውኃ በእንስራ አስቀምጦ መንገደኛን ማጠጣት በአያቶቻችን ዘንድ የጽድቅ ሥራ ነበር። እንስራው በቧንቧ ቢለወጥ ጽድቁ የሚቀንስ አይመስለንም።

አሁን ወደ ሰፋፊዎቹ ሜዳዎች እንምጣ፤ ክርክሩም እዚህ ላይ ጠንክሯል። የኢትዮጵያ የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም.፥ የጥምቀት በዓል ደግሞ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ተጽፈዋል። መዝገቡ የያዘው ሥርዐቱን ነው፤ ሥርዐቱ ግን ያለ ሜዳ አይፈጸምም። ደመራው የሚቆምበት መስቀል አደባባይና ታቦታቱ የሚያድሩበት ጃን ሜዳ ከተወሰዱ በዝማሬ መጽሐፍ ውስጥ ብቻ የሚገኝ በዓል ይቀርልናል።

ጃን ሜዳ ያለፈበትን ፈተና ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ በፒያሳ የነበረው የአትክልት ተራ ገበያ ሕዝቡ ተራርቆ እንዲገበያይ ተብሎ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። የዚያን ጊዜው ምክንያት ተገቢ ነበር፤ ወረርሽኝ ነበርና ማንም አልተቃወመም። ክረምት ሲገባ ግን ሜዳው ጭቃና የበሰበሰ ጎመን ሆነ። የ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ሲቃረብ ጥያቄው ከፍ አለ፤ ገበያው ተነሣ፥ ወጣቶችም አካፋና መጥረጊያ ይዘው ወጥተው ሜዳውን አጸዱት። ታቦታቱ በልማዳቸው በጃን ሜዳ አደሩ። ከዚህ ነገር ሁለት ዐይነት አሳብ ሰምተናል። አንዳንዶች ሜዳው ለበዓልና ለስፖርት ብቻ ተከልሎ በጥበቃ ይያዝ ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ሜዳ የሚጠበቀው ሰው ሲውልበት ነው፥ ባዶውን የተቀመጠ መሬት ሁሉ ለአንድ ነገር ይታሰባል፤ ስለዚህ በዓመቱ ቀናት ሁሉ ልጆች ይጫወቱበት፥ ሽማግሌዎች ይንሸራሸሩበት ይላሉ። እኛ ለሁለተኛው እናደላለን። አጥር የማያስጥለውን ሜዳ የሰው እግር ያስጥለዋል።

መስቀል አደባባይም በ2013 ዓ.ም. ሰኔ ወር ታድሶ ተከፍቷል፤ ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ ተሠርቶለታል። ማለዳ በእርከኑ ላይ ሽቅብ ቍልቍል የሚሮጡትን ወጣቶች ያየ ሰው አደባባዩ ሕይወት እንዳለው ያያል። እዚያ ሩጫ የሚለማመድ አንድ ወጣት ያቀረበልን አሳብ ግን ስለ መሻገሪያው ነበር። አደባባዩ በመኪና የተከበበ ስለ ሆነ ከየአቅጣጫው በሰላም የሚገቡበት መሻገሪያ ይብዛ፥ መብራቱም ለሽማግሌ እርምጃ የሚበቃ ጊዜ ይስጥ ብሏል። ራሱ የሚሮጥ ሆኖ ለማይሮጡት ማሰቡ ደስ አሰኝቶናል። ከዚሁ ጋር በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ወር የተጀመረው መንገድ ለሰው የተባለው እሑድ ተነሥቷል። በዚያ ቀን ዋና ዋና መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ሕፃናት በብስክሌት፥ ቤተሰብም በእግሩ ሲንሸራሸር ነበር። ብዙዎች ይህ በየሰፈሩ በታናናሽ መንገዶች ላይ እንዲደረግ ይሻሉ። ብቻ ሰዓቱ ከቅዳሴ ጋር እንዳይጋጭ አንድ ካህን አሳስበዋል፤ እሑድ ጧት ሙዚቃ በድምፅ ማጉያ ሲያስተጋባ ቅዳሴው እንዴት እንደሚታወክ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከቀትር በኋላ ቢሆን ለሁሉም የሚበጅ ይመስለናል።

ስለ ጉልት ነጋዴዎች ስንጠይቅ ድምፁ ሁሉ አንድ አልሆነም። መንገዱ ከጸዳ በኋላ ቆሎና ሽንኩርት ይዘው በእግረኛ መሄጃው የሚቀመጡ እናቶች ይነሣሉ፤ ሄደውም ይመለሳሉ። መንገድ መዝጋታቸው እውነት ነው። ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በዚያ መሆኑም እውነት ነው። አንዳንድ ነዋሪዎች በብርቱ ቃል ይነሡ አሉ፤ ሌሎች ግን ከእነርሱ ስለሚገዙ ተከራከሩላቸው። ከሁሉ የተሻለ ሆኖ ያገኘነው አሳብ የአንዲት ራሷ ጉልት የምትቸረችር እናት ነው። ከመንገዱ ትንሽ ገባ ያለ ቦታ፥ ዝናብ የሚከለክል ጣራ፥ በየቀኑ የሚከፈል አነስተኛ ኪራይና ደረሰኝ ቢሰጣቸው ቆሻሻውን ራሳቸው ጠርገው እንደሚሄዱ ተናግራለች። ደረሰኝ የያዘ ሰው ሲባረር የሚያሳየው ነገር አለው። አራዳ በገበያ የተጀመረ ሰፈር መሆኑን የሚያስታውስ ሰው ይህን ልመና እንደ ባዕድ ነገር አያየውም።

ከዚህ በላይ ልባችንን የነካው ግን ከሰፈሩ የተነሡት ሰዎች ያነሡት አሳብ ነው። ቤታቸው የፈረሰባቸው ብዙ ቤተሰቦች በከተማዪቱ ዳር ወዳሉ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሄደዋል። ከእነርሱ አንዳንዶቹ አዲሱ ቤት ውኃና መጸዳጃ ስላለው ደስ ብሏቸዋል፤ ይህን አንሰውርም። ነገር ግን ዕድራቸው ተበትኗል። ዕድር ድንኳንና ብረት ምጣድ ብቻ አይደለም፤ ሲያዝኑ ሳይጠሩት የሚመጣ ጎረቤት ነው። እሑድ እሑድ ሁለት መኪና ለውጠው ወደ ቀድሞ ደብራቸው የሚመጡ አሉ፤ አስቀድሰው ከወጡ በኋላ ከቀድሞ ጎረቤቶቻቸው ጋር የሚቀመጡበት ስለሌላቸው በበሩ ላይ ቆመው ጥቂት ተነጋግረው ይለያያሉ። የሚለምኑት ነገር ሁለት ነው። አንደኛው፥ የሰፈሮቹ ስም ቢያንስ በመንገዱ ላይ በድንጋይ ተጽፎ ይቀመጥላቸው። ዶሮ ማነቂያ ብሎ የሚጠራው ሰው ሲያልቅ ስሙም አብሮ ያልቃል፤ ስሙ ለአንዳንዱ ሰው ያስቃል፥ እዚያ ለተወለደው ግን የአባት ቤት ስም ነው። ሁለተኛው፥ በሰፈሩ አንድ አዳራሽ ወይም ጥላ ያለው ግቢ ለዕድሮችና ለማኅበራት መሰብሰቢያ ይተውላቸው።

መታሰቢያን በሚመለከት ሕዝብ የጠየቀው ነገር አይፈጸምም ለሚሉ የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት እናስታውሳቸው። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጠላት ጥይት የተሠዉት የሰማዕቱ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ለባቡር መሥመር ሥራ ከቦታው ሲነሣ ብዙ ሰው አዝኖ ነበር። ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ሐውልቱ ወደ ቦታው ተመለሰ። ሐውልት ሊመለስ ይችላል። ሰፈር እንዲህ አይመለስም፤ ስለዚህ ስሙንና ማኅበሩን ማስቀረት ያለብን ገና የሚያስታውሱት ሰዎች በሕይወት ሳሉ ነው።

እስካሁን ሌላውን ስንጠይቅ ቆየን፤ የራሳችንን ደጃፍስ? በብዙ አድባራት ዙሪያ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር በሱቅ ተከቧል። ኪራዩ ለካህናቱና ለአገልግሎቱ መተዳደሪያ መሆኑን እናውቃለን፤ በዚህ የሚኖሩትን ለመንቀፍ አንነሣም። ነገር ግን ደጀ ሰላሙ በጫማና በስልክ ሱቅ መካከል ተጨንቆ የሚታይበት ቦታ አለ፤ ነዳያንም ድሮ ከጥላው ሥር የሚቀመጡበትን አጥተው ወደ አስፋልቱ ዳር ወርደዋል። ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የመጣው አሳብ ቀላል ነው። ከቅጽሩ ውጭ ባለው ግድግዳ ሥር፥ ሱቅ በሌለበት ወገን፥ የድንጋይ መደብ ይሠራ፤ ከውስጥ ያሉት ዛፎች ቅርንጫፋቸውን ወደ ውጭ ሲዘረጉ አይቈረጡ። አላፊ አግዳሚው፥ ክርስቲያን ይሁን ሌላ፥ በዚያ ይረፍ። ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲያሠራ ብዙዎቹ በየቤታቸው ፊት ለፊት ያለውን እንደ ሠሩ መጽሐፉ ይተርካል። ድንጋዩም ሲሚንቶውም ውድ አይደለም፤ በሰፈሩ ግንበኛ አይጠፋም፥ ሰበካ ጉባኤው ከፈቀደ በሁለት ቅዳሜ የሚያልቅ ሥራ ነው።

ከተነጋገርንባቸው ማኅበራት አንዱ፥ የአሳቡ ብዛት እንዳያስጨንቀው፥ ሦስት ነገር ብቻ መርጦ ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ሊጽፍ ተስማምቷል፤ በዳገቱ እኩሌታ ሁለት መደገፊያ ያላቸው መቀመጫዎች፥ ከአውቶቡስ መጠበቂያው አጠገብ አንድ የጥላ ዛፍ፥ በቀድሞው ሰፈራቸው መግቢያ ላይም ስሙ የተጻፈበት ድንጋይ። ዛፉን ራሳቸው ተክለው በተራ ውኃ ሊያጠጡት ቃል ገብተዋል፤ የተራውም ስም ዝርዝር ከዕድሩ መዝገብ ኋላ ተጽፏል። የድንጋዩን ዋጋም ከዕድሩ ገንዘብ እንዲወጣ ተስማምተዋል። የቀረው ጽሕፈት ቤቱ ቦታውን እንዲያሳያቸው ነው።